የሻባቱ ጽዋ

«እናቴን ትንሽ አሟታል፤ ተኝታለች» ሲል ሰማችው።

ተናኜን አላመማትም፤ አልተኛችምም። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች አንድ ሰዓት አልፏታል። እግሯ ሥር ባለ ጎማዋ የገበያ ጋሪ ቆማለች፤ የኢየሩሳሌም አሮጊቶች ሁሉ የሚጎትቷት፣ «አጋላ» የሚሏት። ጋሪዋ ውስጥ በወይን ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦና አምስት ሊትር ጠላ የያዘ ጀሪካን አለ። የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ከሳሎን የሚሰማው ድምፅ የልጇ የኤልያሁ ነው። የሚያናግረው ደግሞ ሻባትን፣ የቅዳሜውን ሰንበት፣ ከልጃቸው ጋር ሊያሳልፉ ትናንት ከአሽዶድ የመጡትን የሚስቱን አባት፣ አቶ ውበቱን ነው።

«ምኗን?» አሉ አቶ ውበቱ።

«ራሷን።»

ተናኜ ራሷን ነካ አደረገችው። ደህና ነበር።

ዕለቱ ግንቦት አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ነው። በየወሩ በዚህ ቀን፣ የኢትዮጵያ ጎዳናው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲወጣ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ከቅጥሩ ማዶ ባለችው የእናና አንዲት ክፍል ተሰብስበው ማኅበር ይጠጣሉ። ሽማግሌ የሚጦሩ፣ ቤት የሚያጸዱ፣ ታልፒዮት መጋዘን ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት ያለው ከመካከላቸው እናና ብቻ ናት። ዳቦውንና ጠላውን ግን ተረኛው ያመጣል። ጎንደርም ሕጉ ይኸው ነበር። ተረኛው ከቀረ ጽዋው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፤ የቀረው ሰው ስም ደግሞ ከቤት ቤት ይዞራል። ተናኜ ማኅበሩ ውስጥ ከገባች ዓመት ሞላት፤ ጽዋው ዞሮ ዞሮ ገና ዛሬ ደረሳት። ስትገባም ሁሉም እሰይ አላላትም። ባሏ ሙላት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቤተ እስራኤል ነበር፤ ወደዚህ አገር የመጣችው እሱን ተከትላ ነው። ልጇ ሠራዊት ውስጥ ሳለ የአይሁድነቱን ትምህርት ጨርሶ፣ ራቢዎች ፊት ቆሞ፣ አይሁድነቱን አጽድቋል። እሷ ግን ማተቧን አልበጠሰችም። «ይቺ ሴትዮ ወዴት ናት?» የሚሉ ነበሩ። ባለፈው ወር ጽዋው ለእሷ ሲሰጥ እናና በጣቷ ቆጥራ «የተናኜ ተራ ሻባት ላይ ዋለ! አውቶቡስ የለ፣ ባቡር የለ፤ ከጊሎ ድረስ ማን ያመጣሻል?» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ተናኜ ቀና ብላ «ልጄ» አለች። ያን ጊዜ እንዴት ኮርታ ነበር!

ልጄ ያለችው ልጅ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወስዶ እናና ዘንድ ሊያሳድራት ቃል ገብቶ ነበር። ሐሙስ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወርዳ የኮባ ቅጠል ቢጠፋ የወይን ቅጠል ገዛች። ሻጩ ለጥቅል ሩዝ መስሎት ቅጠሉን እንዴት እንደምትቀቅለው ሲያስተምራት በትዕግሥት ሰማችው። ዓርብ ጠዋት ሊጡን አቦካች፣ ጥቁር አዝሙዱን ነሰነሰች፣ ከዚያ እጇን ታጥባ ቆማ ጠበቀች። ምራቷ ኦሽሪት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቤቱ ግን ሕግ አለው። ተናኜ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ የምድጃውን ቁልፍ ግን አታዞርም። ክርስቲያን ያቀጣጠለው እሳት ላይ የበሰለ ዳቦ የኦሽሪት ቤተሰብ አይበላም። ስለዚህ ቁልፉን የሚያዞረው ወይ ኤልያሁ ነው ወይ ኦሽሪት ናት፤ ተናኜም «አዙሩልኝ» እያለች ስድስት ዓመት ኖራለች። ዓርብ ያዞረላት ኤልያሁ ነው። ግንባሯን ስሞ «እነአባ ውበቱን ከአሽዶድ አምጥቼ ወዲያው አደርስሻለሁ፣ ኢማ» ብሎ ወጣ፤ እናቱን በዕብራይስጥ «ኢማ» ነው የሚላት። ሲመለስ የሻባቱ ሻማ በርቶ ነበር። «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው። አሁን ሻባት ገባ፤ ምን ላድርግ?» አለ መሬት መሬት እያየ። ምን ያድርግ! አማቱ በሌሉበት ሻባት እስከ ቴል አቪቭ ባሕር ድረስ እንደሚነዳ ተናኜም ታውቃለች፣ ኦሽሪትም ታውቃለች፣ መኪናውም ያውቃል።  ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ግን ዝም ተባባሉ።

ጠዋት ለብሳ የተቀመጠችው አቶ ውበቱ ወደ ምኩራብ ሲሄዱ ልጇ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ «ነይ» ይለኛል ብላ ነበር። አቶ ውበቱ ግን ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ዋሉ። ኤልያሁም በበኩሉ እናቱን አሳመማት።

 ተናኜ የተናደደችው በልጇ ብቻ አልነበረም። በራሷም ነበር። ወሩን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው የመኪና ቁልፍ ነው። ጠዋትና ማታ ስትጸልይ ስለ ሁሉም ነገር ለምናለች፣ ስለ ኦሽሪት ወገብ ሕመም ሳይቀር፤ ስለዚህ መንገድ ግን አንድ ቀን አልለመነችም። ለምን ትለምን? ልጅ አላት። «አንተን ሳልጠይቅ ልጄን ጠየቅሁ» አለች በሹክሹክታ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝና በል አሁን አብረን እንሂድ።» ከዚያ የጋሪዋን እጀታ ይዛ ተነሣች።

በሩን ከፈተችው። ኦሽሪት ሰላጣ የያዘችበትን ሳህን ወደ ጠረጴዛው ሳታደርሰው ቆመች። አቶ ውበቱ ክፉኛ የሚያማቸውን ጉልበት ደግፈው ብድግ አሉ።

«ሻባት ሻሎም» አለች ተናኜ።

«ሻባት ሻሎም። አሟቸዋል ሲሉኝ፣ ወይዘሮ ተናኜ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አባ ውበቱ። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የማኅበር ተረኛ ነኝ። ኢትዮጵያ ጎዳና ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ነው።»

ይህ ቃል እዚያ ሳሎን ውስጥ በእንግዳ ፊት ተነግሮ አያውቅም። አማቱ በመጡ ቁጥር ተናኜ «የአሮጊቶች ክበብ» ሄዳ ነው የምትውለው፤ ክበቡን የፈጠረው ኤልያሁ ነው። አሁን የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። አቶ ውበቱ ልጅየውን አዩት፣ ጋሪዋን አዩ፣ የተናኜን አንገት አዩ።

«ሻባት አይደል እንዴ፤ በምን ይሄዳሉ?»

«በእግሬ።»

«እኛም ሱዳን ድረስ በእግራችን ነው የሄድነው» አሉ አቶ ውበቱ። «መንገዱን ያቅናልዎት።»

ኤልያሁ «ኢማ» አለ። ተናኜ በሩን ይዛ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀችው። ሳይመጣ ሲቀር ወጥታ ዘጋችው።

የጊሎ ቁልቁለት ለጋሪ ጥሩ ነው፤ ከኋላ እየገፋ ያወርዳል። ኬብሮን መንገድ ላይ ስትደርስ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሰፊው አስፋልት ለእሷ የተነጠፈ መሰላት። ወደ ደማስቆ በር የሚሄዱት የዐረቦቹ አውቶቡሶች ሻባትም እንደሚሠሩ ታውቃለች፤ ቆማ ጠበቀች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱ መጣ፤ ሰው በሰው ላይ ተጭኖበት ሳይቆም አለፈ። ሁለተኛውን ልጠብቅ ብላ ቀና አለችና ፀሐዩን አየች። ትናንት ልጅ ስጠብቅ፣ ዛሬ ሾፌር ስጠብቅ! ብላ መንገዷን ቀጠለች። የልጅነት ትምህርቷን በቃል ነው የያዘችው፤ ዳዊቷን እየደገመች ሄደች። ቀስ ብላ፣ በእርምጃዋ ልክ፣ አንዱን መዝሙር ጨርሳ ሌላውን እየጀመረች። ከምኩራብ የሚመለሱ ሰዎች ነጭ የጸሎት ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ያገኟታል፤ እሷም በነጭ፣ እነሱም በነጭ። «ሻባት ሻሎም» ይሏታል፤ «ሻባት ሻሎም» ትላቸዋለች። ሙላትም በሕይወት ሳለ እንዲህ ነጭ ለብሶ ከምኩራብ ሲመለስ እሷ ከቅዳሴ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ይገናኙ ነበር፤ ማን ቀድሞ ጸለየ እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ሙላት ሰው አያምንም ነበር። ባንክ አያምንም፣ ሐኪም አያምንም፣ የወንድሞቹን ቃል አያምንም። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል። ከጎንደር ሲነሡ ግን «ማተብሽን በጥሺ የሚልሽ ቢመጣ መልሱን ከእኔ ይስማ» ብሎ ምሎላት ነበር። ወንድሞቹ መጡ፣ የቢሮ ሰዎች መጡ፣ ሁሉም መልሱን ከእሱ ሰሙ። ሲሞት ማተቡ አንገቷ ላይ ነበር። እንግዲህ ቀብራ አመነችው።

ታልፒዮት ስትደርስ የጋሪዋ ጎማ ወለቀ። ዝም ብሎ የመውለቅ አይደለም፤ ብረቱ ተሰብሮ ጎማው እየተንከባለለ የተዘጋ ጋራዥ በር ሥር ገባ። የጎማ መሸጫው፣ የሸክላ መደብሩ፣ የምድጃ መጠገኛው፣ ሁሉም ብረቱን አውርዶ ተኝቷል። ተናኜ የአውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ይኼኔ ስልኳ ጮኸ፤ እናና ነበረች።

«አንቺ፣ ቅዳሴ ከወጣ ቆየ እኮ። የት ነሽ?»

«ታልፒዮት። በእግሬ ነኝ፤ ጋሪዬ ተሰበረ።»

 ከእናና ኋላ የሰዎች ድምፅ ይሰማል። «በይ ተመለሽ እህቴ፤ ምን ያደርግልሻል። አዝመራ ከደማስቆ በር ዳቦ ገዝቶ መጥቷል፤ ጽዋውን እሱ ያንሣው ብለናል። ማን ይቀየምሻል? ልጅሽም ቢሆን ሻባቱ ነው፤ እናውቃለን።»

«ጽዋዬን እንዳትነኩ» አለች ተናኜ፤ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ አለቀሰች። ምን ይደበቃል፤ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ተረከዟ ተልጧል፣ ልጇ አስተኝቷታል፣ ማኅበሯም ቀብሯታል። «እናውቃለን» የሚለው ቃል ከጎማው ይልቅ ሰበራት። ጥቂት አልቅሳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደችው። ጎንደር ሳለች በዚህ ዓይነት ጀርባ ስንት ውሃ ቀድታለች። ጀሪካኑን በነጠላው ጀርባዋ ላይ አሠረችው፤ ደረቷ ላይ ቋጠረችው። ሻሿን ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ አናቷ ላይ አስቀመጠች፤ ዳቦውን ከላዩ አደረገች።  ጋሪዋን አግዳሚው ላይ አስደግፋ ለሚያነሣት ሰው ተወቻት።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ያያት ጀመር። የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ልጆች የያዙ እናቶች መንገድ ለቀቁላት። ትልልቆቹ ሆቴሎች በር ላይ የቆሙ ጎብኚዎች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሷት። እሷ ዳቦው እንዳይጋደል አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ወዲህ ወዲያ ሳትል አለፈቻቸው። ንግሥት የሆነች መሰላቸው መሰል፤ ለነገሩ የዚያን ቀን ብትሆንስ? ላቧ ዐይኗ ውስጥ ይገባል፤ እጆቿ ዳቦውን ስለያዙ አትጠርገውም። ሐዲዱ ላይ ባቡር የሌለበትን የያፎ መንገድ ተሻገረች፤ የነቢያትን ጎዳና ይዛ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፈች። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ከፍ ያሉት የድንጋይ አጥሮች ጥላ አላቸው። አንበሳ የተቀረጸበት በር ላይ ስትደርስ መሳለም አማራት፤ ጎንበስ ብትል ዳቦው ይወድቃል። «አንቺ ታውቂዋለሽ» ብላ በጉልበቷ ብቻ እጅ ነሥታ አለፈች።

እናና ክፍል ውስጥ ሁሉም ለጸሎት ቆመው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከደማስቆ በር የመጣ ስስ ዳቦ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አጠገቡ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አዝመራ ቆሟል፤ አንድ መነኩሴ ሊባርኩት እጃቸውን አንሥተዋል። ተናኜ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። መነኩሴው እጃቸውን አወረዱ።  ዳቦውን ከአናቷ አውርዳ ጠረጴዛው መካከል አኖረችው። የወይን ቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ተራዬ ነው» አለች።

አዝመራ ቀስ ብሎ ላስቲኩን አንሥቶ ጠረጴዛው ሥር ደበቀው። እናና ደረቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈትታ ጀሪካኑን አወረደችላት። «ወይኔ ተናኜ! ከጊሎ ድረስ? ማን አመጣሽ?»

«የማይተኛው» አለች ተናኜ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው እልል አለ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ እናና እያለቀሰች እልል አለች። መነኩሴው ዳቦውን ባረኩት፤ አዝመራ ቆረሰው። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። ተረኛ አይቀመጥም። ያበጠ እግሯን ጫማዋ ውስጥ እንደ ምንም ይዛ፣ ቆማ ቀዳች፣ ቆማ አሳለፈች፤ «ጨምሩ፣ ጠጡ፣ ሩቅ አገር መጥቶላችኋል» እያለች ቀለደችባቸው። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ቤት ቀልዳ አታውቅም። የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ከእጇ ሲቀበላት ጎንበስ ብሎ ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እናና ከደጅ ተመልሳ «አንድ ሰው ውጭ ቆሟል፤ ግባ ብለው እምቢ አለ። እናቴን ጥሩልኝ ይላል» አለቻት። ተናኜ ከዳቦው ቁራሽ ይዛ ወጣች። ኤልያሁ ነው። የሻባት ነጭ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትከሻው ላይ ባለ አንድ ጎማዋን ጋሪ ተሸክሟል።

«አጋላውን መንገድ ላይ ወድቆ ሳየው...» አለና ጋሪዋን አወረደ። ዐይኑ ቀልቷል።

«በእግርህ መጣህ?»

«ሻባት ነው እኮ፣ ኢማ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ወዲያው አቆመ። «አባ ውበቱ ‹ደህናዋን እናትህን ለምን አሳመምካት?› አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ፈራሁ አልኳቸው።» ፊቱን ዞር አደረገ። «እሳቸው አልተቆጡም። ማተብሽን የሠርጉ ቀን አይተውት ነበር። ‹እስከ መቼ ታስመስላለህ ብዬ እጠብቅህ ነበር› አሉኝ። ለምን ዝም ብለው እንደ ጠበቁኝ ግን አልገባኝም።»

«አንተ ዝም ብለህ ስማቸው፤ ቆይቶ ይገባሃል።» ዳቦውን ዘረጋችለት። «ብላ፤ ርቦሃል።»

ዳቦውን አየ፣ ከዚያ አንበሳ የተቀረጸበትን በር አየ፤ እጁ አልተዘረጋም። ተናኜ ገባት።

«ምድጃውን ያቀጣጠልከው አንተው ነህ» አለችው።

ተቀብሎ በላ። እየበላ አለቀሰ፤ እሷም ሲበላ ዝም ብላ አየችው። ጨርሶ ፍርፋሪውን ከሸሚዙ አራገፈና እንደ ሕፃንነቱ እጇን ያዘ። «በሚቀጥለው ዓመት ተራሽ ሲደርስ ሻባትም ቢሆን፣ ማንም ቤት ቢኖር እኔ ነኝ የማመጣሽ። እመኚኝ፣ ኢማ።»

ተናኜ ቀና ብላ አየችው። ግንባሩ ቁርጥ ሙላት ነው።

«አባትህ ‹ሰውን ማመን ቀብሮ ነው› ይል ነበር» አለችው። «እሱን ቀብሬ አምኜዋለሁ። አንተን ግን አላምንህም፣ ልጄ። ኑርልኝ።»